ሆስፒታሉ ከመቆሙ በፊት፦ ስለ ግሪፊዝ ስታዲየም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ጆርጂያ አቬኑ አጠገብ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊ፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያረፈበት መሬት ድሮ የቤዝቦል ስታዲየም እንደነበረ፣ እዚያ ይጫወቱ ከነበሩት ሁለት ቡድኖችም የጥቁሮቹ ከነጮቹ ይበልጥ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት እዚያው ሆስፒታል ነው፤ ስለ ስታዲየም ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። የነገሩኝ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ እንዲህ ያለ ቦታ ለምን ፈረሰ?»

ምላሽ፦

ጎረቤትዎ የነገሩዎት እውነት ነው። ሆስፒታሉ የተሠራበት መሬት፣ በመካከል ያሉ ጥቂት ዓመታት ካልተቆጠሩ በስተቀር፣ ከ1891 እስከ 1961 ድረስ የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ሜዳ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ግሪፊዝ ስታዲየም» በሚለው በመጨረሻው ስሙ ነው። ከሁለቱ ቡድኖች የትኛው ይበልጥ ነበር ለሚለው ግን አንድ መስመር መልስ መስጠት አይበቃም። የሜዳው ታሪክ ዋናው ክፍል እርሱ ስለሆነ፣ እዚያ ከመድረሴ በፊት ሜዳው እንዴት እንደተገኘና ምን ይመስል እንደነበር ማስረዳት አለብኝ።

ዛሬ ፍሎሪዳ አቬኑ የምንለው መንገድ እስከ 1890 ድረስ ስሙ «ባውንደሪ ስትሪት» ነበር፤ ትርጉሙም የወሰን መንገድ ማለት ነው። ፒየር ላንፋን የነደፈው የዋሽንግተን ከተማ ፕላን የሚያበቃው እዚያ ላይ ነበርና ከመንገዱ ወዲያ ያለው መሬት እንደ ገጠር ይታይ ነበር። በዚያ ዘመን የቤዝቦል ሜዳ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ርካሽ ሰፊ መሬትና ተመልካቹን እስከ በሩ የሚያደርስ የከተማ ባቡር። ወሰኑን አለፍ ብሎ የሚገኘው ይህ ቦታ ሁለቱንም አሟልቶ ነበር፤ ባቡሩ በሰቨንዝ ስትሪት ሽቅብ ይመጣል፣ መሬቱም ገና በቤት አልተሞላም። ስለዚህ በ1891 ከእንጨት የተሠሩ መቀመጫዎች ያሉት ሜዳ እዚያ ተከፈተ፤ በመንገዱም ስም «ባውንደሪ ፊልድ» ተባለ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በስፖርት ረገድ ብዙ የሚወራላቸው አይደሉም። በ1891 የተጫወተው ቡድን በሊጉ የመጨረሻ ሆኖ ጨረሰ፤ ከ1892 እስከ 1899 በናሽናል ሊግ የተወዳደረውም የዋሽንግተን ቡድን ሊጉ ከ12 ቡድን ወደ 8 ሲቀንስ ተሰረዘ። በ1901 አሜሪካን ሊግ ሲመሠረት የተቋቋመው አዲስ ቡድን መጀመሪያ በከተማው ሰሜን ምሥራቅ በኩል ሌላ ሜዳ ላይ ተጫውቶ፣ በ1904 ወደዚህ ወደ ወሰኑ መንገድ መጣ። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ዋሽንግተን ሴነተርስ የሚባለው ቡድን ቤቱ ይህ ሆነ።

አንድ ትልቅ የአገር ልማድ የጀመረውም እዚሁ፣ በእንጨቱ ሜዳ ላይ ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 1910 በውድድር ዘመኑ መክፈቻ ዕለት ፕሬዚዳንት ዊልያም ሃዋርድ ታፍት ከመቀመጫቸው ሆነው የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወሩ። በመክፈቻ ዕለት ኳስ የወረወሩ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እርሳቸው ናቸው፤ ልማዱንም ተከታዮቻቸው ትውልድ ተሻግረው ጠብቀውታል። በዕለቱ የዋሽንግተን ወርዋሪ፣ ማለትም ለተጋጣሚ መቺዎች ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች፣ ዋልተር ጆንሰን ሲሆን፣ ለፊላደልፊያ አንድ የተሳካ ምት ብቻ ፈቅዶ 3 ለ 0 አሸነፈ። ጆንሰን ከ1907 እስከ 1927 ለዚህ አንድ ቡድን ብቻ ተጫውቶ 417 ጨዋታ ያሸነፈ፣ በ110 ጨዋታዎችም ተጋጣሚውን አንድም ነጥብ ሳያስገባበት የጨረሰ ወርዋሪ ነው። በዚህኛው ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ የተጠጋው የለም።

የእንጨቱ ሜዳ መጨረሻ እሳት ነበር፤ በዚያ ዘመን የብዙ ሜዳዎች ዕጣ ይኸው ነበር። መጋቢት 17 ቀን 1911 መቀመጫዎቹ ተቃጠሉ፤ ምክንያቱ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ይሠራበት የነበረው የእሳት መበየጃ ነው ተብሎ ይነገራል። የውድድሩ መክፈቻ ቀን ሚያዝያ 12 ስለነበር ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነበር የቀረው። ግንበኞቹ ቀንና ሌሊት ሠርተው በብረትና በኮንክሪት የተገነባው አዲሱ ትሪቡን ሙሉ በሙሉ ሳያልቅም ቢሆን ጨዋታው በተያዘለት ቀን ተካሄደ። ጎረቤትዎ ያዩት ስታዲየም ይህ በጥድፊያ የተወለደው ነው። ክላርክ ግሪፊዝ የሚባለው የቀድሞ ወርዋሪ በ1912 አሠልጣኝ ሆኖ መጣ፤ ኋላም የቡድኑ ባለቤት ሲሆን ሜዳው በእርሱ ስም ተጠራ።

የሜዳው ቅርፅ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የቤዝቦል ሜዳ እንደ እግር ኳስ ሜዳ በልክ የተወሰነ አይደለም፤ በውስጥ ያሉት የቤዞቹ፣ ማለትም ሯጩ የሚዞርባቸው የአራቱ ማረፊያዎች፣ ርቀቶች የትም አንድ ቢሆኑም የውጭው አጥር ግን መሬቱ በፈቀደው መጠን ይቀርባል ወይም ይርቃል። በግሪፊዝ ስታዲየም በግራ በኩል ያለው አጥር ለብዙ ዓመታት ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር በላይ ርቆ ነበር። በቀኝ በኩል ደግሞ 320 ጫማ ያህል ላይ ወደ ዘጠኝ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው ግንብ ቆሞ ነበር። መሀሉ ላይ ከሁሉ የሚገርመው ነገር ይታይ ነበር፦ አጥሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በድንገት ወደ ሜዳው ውስጥ ታጥፎ ገብቶ፣ እንደገና ታጥፎ ይወጣል። ምክንያቱም ከአጥሩ ጀርባ አምስት ቤቶችና አንድ ትልቅ ዛፍ ነበሩ፤ ባለቤቶቹ አንሸጥም ስላሉ ግንቡ ቤቶቹን ዞሮ እንዲያልፍ ተደረገ። የዛፉ ቅርንጫፎች ከግንቡ በላይ ሆነው በዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ ይታያሉ። እኔ ይህን ሜዳ ማጥናት የጀመርኩት በዚያ ማዕዘን ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አምስት ቤተሰብ እምቢ ስላለ የፕሮፌሽናል ሊግ ሜዳ ቅርፁን ለወጠ፤ መቺዎችና ሯጮችም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያንን ማዕዘን እያሰቡ ተጫወቱ።

የአጥሩ ርቀት በጨዋታው ላይ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ለማየት አንድ ዓመት ይበቃል። ሆም ራን ማለት መቺው በአንድ ምት ሁሉንም ቤዞች ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስበት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ኳሷ ከአጥር በላይ ስትወጣ ነው። በ1945 ሴነተርስ ዋንጫውን ለዲትሮይት ያስረከበው በአንድ ጨዋታ ተኩል ልዩነት ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓመት በገዛ ሜዳው ያስቆጠረው ሆም ራን ግን አንድ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ከአጥር አልወጣም፤ ጆ ኩኤል ኳሷ ሜዳ ውስጥ እያለች ሮጦ ያገኘው ነው።

ተመልካቹ ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ሆኖ ሌላ ነገር ያስተውል ነበር። በ1920 አካባቢ በግራና በቀኝ የተጨመረው ጥላ ፎቅ ከ1911ዱ ጣሪያ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ሁለቱ ጣሪያዎች አይገጥሙም፤ ስታዲየሙ በተለያየ ጊዜ ሁለት ሰው የሠራው ቤት ይመስል ነበር። በአቅራቢያው ትልልቅ የዳቦ ፋብሪካዎች ስለነበሩም በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ስለዚያ ሜዳ ሲያወሩ ትኩስ የዳቦ ሽታ ሳያነሱ አያልፉም። ጎረቤትዎም ይህን ሽታ ሳያስታውሱት አይቀሩም።

የሴነተርስን ታላቅ ቀን ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም፤ እርሱም ጥቅምት 10 ቀን 1924 ነው። የዓለም ሻምፒዮና ተብሎ በሚጠራው የአሜሪካ የፍጻሜ ውድድር ዋሽንግተንና ኒውዮርክ ጃይንትስ ሦስት ሦስት አሸንፈው ሰባተኛው ጨዋታ እዚህ ሜዳ ላይ ተደረገ፤ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ በቦታው ነበሩ። ዋሽንግተን እስከ ስምንተኛው ዙር ድረስ 3 ለ 1 እየተመራ ነበር። የ27 ዓመቱ ተጫዋችና አሠልጣኝ ባኪ ሃሪስ በምድር የላካት ኳስ በሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ነጥራ የ18 ዓመቱን ፍሬዲ ሊንድስትሮምን በራሱ ላይ አለፈችው፤ ሁለት ሯጭ ገባ፣ ጨዋታው እኩል ሆነ። በዘጠነኛው ዙር ዋልተር ጆንሰን ሊወረውር ወጣ። በዚያው ውድድር ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ነበር፤ ዕድሜው 36 ነው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ደክሞ የሻምፒዮንነት ዋንጫ አልነካም። አራት ዙር ሙሉ ነጥብ ሳያስቆጥርባቸው ቆየ።

በአሥራ ሁለተኛው ዙር የዋሽንግተኑ ሙዲ ሩል ኳሷን ወደ ላይ አጎናት። ቀላል ኳስ ነበረች፤ የጃይንትስ ተቀባይ ሃንክ ጋውዲ የብረት ጭንብሉን ከፊቱ አውልቆ መሬት ላይ ጥሎ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ አድርጎ ኳሷን መከተል ጀመረ። ነገር ግን እግሩ በገዛ ጭንብሉ ላይ አረፈ፤ ሊያራግፈው ሲታገል ኳሷ አመለጠችው። ሌላ ዕድል ያገኘው ሩል በተከታዩ ምት ሁለተኛ ቤዝ ደረሰ። ቀጥሎ ኧርል ማክኒሊ የመታት ኳስ እንደገና ወደ ሊንድስትሮም ሄደች፤ እንደገናም ነጥራ በራሱ ላይ አለፈችው። ጠጠር መትታ ነው ይባላል። ሩል፣ በእግሩ ፍጥነት የማይታወቅ ሰው፣ ሮጦ ገባ፤ ዋሽንግተን 4 ለ 3 አሸነፈ፣ ጆንሰንም ዋንጫውን አገኘ። ሴነተርስ በ1925 እና በ1933 እንደገና ለፍጻሜ ቢደርስም ሁለቱንም ተሸንፏል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። እስከ 1947 ድረስ ጥቁር ተጫዋች በሁለቱ ትልልቅ ሊጎች መጫወት አይፈቀድለትም ነበር፤ የተጻፈ ሕግ ሳይኖር ባለቤቶቹ ሁሉ የሚያከብሩት ስምምነት ነበር። ስለዚህ ጥቁሮች የራሳቸውን ሊጎች አቋቁመው ነበር። ከነዚህ ሊጎች ቡድኖች አንዱ ሆምስቴድ ግሬይስ ነው። የተመሠረተው በፒትስበርግ አጠገብ ባለችው የብረት ፋብሪካ ከተማ በሆምስቴድ ነው። ባለቤቱ ካምበርላንድ ፖዚ ብዙ ጥቁር ሕዝብ የሚኖርባትን ዋሽንግተንን አይቶ ከ1940 ገደማ ጀምሮ ከቡድኑ የቤት ጨዋታዎች ብዙዎቹን ሴነተርስ ከከተማ በሚወጣበት ጊዜ ግሪፊዝ ስታዲየም ላይ ማድረግ ጀመረ። ክላርክ ግሪፊዝ ኪራይ ይቀበል ነበር፤ በ1941 የተተከለው የሌሊት መብራትም ሠራተኛው ሕዝብ ከሥራ መልስ የግሬይስን ጨዋታ እንዲያይ አስቻለ። በ1942 ስመ ጥሩ ወርዋሪ ሳቼል ፔጅ ከካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ጋር ሲመጣ ከ20 ሺህ የሚበልጥ ሰው ስታዲየሙን ሞላው። በዚያ ዘመን ሴነተርስ በብዙ ቀናት ይህን ያህል ተመልካች አያገኝም ነበር።

መቀመጫውን በሚመለከት፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ ተብሎ ተመልካቹ በኪሱ አቅም እንደሚለያይ ያውቃሉ። በግሪፊዝ ስታዲየም ሴነተርስ በሚጫወትበት ቀን የሚለየው ግን የቆዳ ቀለም ነበር። ጥቁር ተመልካች ገንዘብ ኖረውም አልኖረው፣ በልማድ የሚላከው በቀኝ በኩል ወዳለው ትሪቡን ነበር። ግሬይስ ሲጫወት ያው ሰው በዚያው ስታዲየም ውስጥ በፈለገበት ይቀመጣል። አንድ ሕንጻ በሳምንት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥርዓት ያስተናግድ ነበር ማለት ነው። የስታዲየሙን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የአጥሩን ርቀት በጫማ እየለኩ ይህን በአንድ ሐረግ ሲያልፉት ሳይ አዝናለሁ፤ ለአካባቢው ሕዝብ ሜዳው ማለት ይህ ነበርና።

ግሬይስ ምን ዓይነት ቡድን ነበር? በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የጥቁሮቹ ሊጎች ሻምፒዮን ሆኗል። ተቀባዩ ጆሽ ጊብሰን፣ አንደኛ ቤዝ ላይ በክ ሌናርድ፣ በሩጫው ወደር ያልነበረው ኩል ፓፓ ቤል ሁሉም ኋላ በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። ጊብሰን ቀኝ እጁን የሚጠቀም መቺ ስለነበር ኳሶቹ የሚሄዱት ወደዚያ ወደ ሩቁ የግራ አጥር ነው። ሌሎች በየዓመቱ ጥቂት ኳስ ብቻ የሚያሻግሩበትን አጥር እርሱ ደጋግሞ አሻግሮታል። በ2024 የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል የጥቁሮቹን ሊጎች መዝገብ በይፋ ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋህድ ጊብሰን በዕድሜ ልክ አማካይ የመምታት ውጤት (የተሳኩ ምቶቹ ከሙከራዎቹ ያላቸው ድርሻ) 0.372 ይዞ ከሁሉም በላይ ተቀመጠ፤ ለዘጠና ዓመት ያህል መሪ ተብሎ የኖረው ታይ ኮብ ሁለተኛ ሆነ። በአንድ የውድድር ዘመን ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጠውም ውጤት የጊብሰን 0.466 ነው፤ ዓመቱ 1943፣ የቤት ሜዳውም እርስዎ ልጆችዎን የወለዱበት መሬት ነው።

ስለዚህ «ከነጮቹ ይበልጥ ነበር» የሚለውን እኔ የምመዝነው እንዲህ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ውድድር ገጥመው ስለማያውቁ በሜዳ ተረጋግጧል ማለት አይቻልም፤ ያም የሆነው ግሬይስ ፈርቶ አይደለም። ሴነተርስም በ1943 እና በ1945 ሁለተኛ ስለወጣ ሁልጊዜ ደካማ ነበር ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነውና ታሪክ ያላቸው ታላላቅ መቺዎች የነበሩት ግሬይስ ነው። ጎረቤትዎ ያሉትን ለመቃወም የሚያበቃ ማስረጃ የለኝም፤ ለመደገፍ ግን ብዙ አለ። በ2019 ዋሽንግተን ናሽናልስ ዋንጫ ሲያነሳ ጋዜጦች ሁሉ «ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው፣ ከ95 ዓመት በኋላ» ብለው ጻፉ። የግሬይስን የ1948 ድል የሚቆጥር ሰው ግን 71 ዓመት ይላል። እኔ ከሚቆጥሩት ወገን ነኝ።

ክላርክ ግሪፊዝ ይህን ችሎታ አላየም ማለት አይቻልም፤ በየሳምንቱ በገዛ ሜዳው ላይ ያየው ነበር። በክ ሌናርድ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ግሪፊዝ አንድ ቀን እርሱንና ጊብሰንን ወደ ቢሮው ጠርቶ በትልቁ ሊግ መጫወት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል። እንፈልጋለን አሉት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ስለ ጉዳዩ ሰምተው አያውቁም። ከዚያ በፊትም በ1937 የስፖርት ጸሐፊው ሳም ሌሲ ግሪፊዝን አግኝቶ ጥቁር ተጫዋቾችን እንዲወስድ ሞግቶት ነበር። ሌሲ ልጅ ሳለ በዚያው ስታዲየም ትሪቡኖች መካከል እየተዘዋወረ መክሰስና መጠጥ ይሸጥ የነበረ የሰፈሩ ልጅ ነው። ግሪፊዝ የመለሰለት፣ ምርጦቹ ከተወሰዱ የጥቁሮቹ ሊጎች ይፈርሳሉ የሚል ነበር። ነጥቡ ባዶ እንዳልነበረ ኋላ ታይቷል፤ ይህን የሚናገረው ሰው ግን ከነዚያ ሊጎች ኪራይ የሚሰበስብ መሆኑን ሌሲም አንባቢዎቹም ያውቁ ነበር። ግሪፊዝ ከኩባ ብዙ ተጫዋቾችን ያመጣ ነበር፤ የሚያመጣቸው ግን ነጭ ተብለው ሊያልፉ የሚችሉትን ነው።

ጆሽ ጊብሰን ጥር 20 ቀን 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ የቀለሙን አጥር ያፈረሰው ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 15 ነው። ጥቁር ተመልካቾች ሮቢንሰንን ለማየት መጉረፍ ሲጀምሩ የግሬይስ ገቢ ደረቀ፤ ሊጉ ከ1948 በኋላ ተበተነ፣ ቡድኑም ብዙም ሳይቆይ ከሰመ። ሴነተርስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ኩባዊውን ካርሎስ ፓውላን ያሰለፈው መስከረም 6 ቀን 1954 ነው፤ ከሮቢንሰን ሰባት ዓመት ዘግይቶ።

ስታዲየሙ የቤዝቦል ብቻ አልነበረም። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የአሜሪካ እግር ኳስ ይጫወትበት ነበር፤ ሰባኪው ላይትፉት ሚሾ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሰብስበው የጅምላ ጥምቀት ያካሂዱበት ነበር። ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ከቀትር በኋላ የዋሽንግተኑ ፕሮፌሽናል የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ፊላደልፊያን ሲገጥም፣ የድምፅ ማጉያው ጄኔራሎችንና አድሚራሎችን በየስማቸው እየጠራ ወደ መሥሪያ ቤታቸው እንዲደውሉ ይለምን ጀመር። ጃፓን በዚያው ዕለት በፐርል ሃርበር ስላደረሰችው ጥቃት ለተመልካቹ የተነገረ ነገር አልነበረም፤ ሰዉ ግን መቀመጫዎቹ አንድ በአንድ ባዶ ሲሆኑ እያየ አንድ ነገር እንደደረሰ ገባው።

እኛንም የሚነካ ነገር አለ። ከስታዲየሙ ጥቂት መንገድ ብቻ ርቆ በሚገኘው የሃዋርድ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1930ዎቹ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ተምረዋል፤ በዚያ ዘመን የጨዋታ ቀን ጩኸት ወደ መማሪያ ክፍሉ ሳይደርስ የሚቀር አይመስለኝም። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የታየውና ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን የተቀበለው ዱክ ኤሊንግተንም የመጀመሪያ ሥራው በዚህ ሜዳ ኦቾሎኒ መሸጥ ነበር፤ ተወልዶ ያደገው በዋሽንግተን ነውና።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ለምን ፈረሰ የሚል ነው። ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ ስታዲየሙ አርጅቶ፣ መኪና ማቆሚያ አጥቶ ነው የሚል ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ በባቡር ለሚመጣ ተመልካች የተሠራ ሜዳ መኪና ባለው ዘመን መቸገሩ አልቀረም፤ መቀመጫውም ወደ 30 ሺህ የሚደርስ ብቻ ስለነበር መንግሥት በከተማው ምሥራቅ ዳር ሌላ ትልቅ ስታዲየም መሥራት ጀምሮ ነበር። ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ክላርክ ግሪፊዝ በ1955 ሲሞት ቡድኑን የወረሰው እንደ ልጁ ያሳደገው ካልቪን ግሪፊዝ ነው፤ በሥጋ ግን የሚስቱ የወንድም ልጅ ነበር። ካልቪን የግራውን አጥር አቀረበ፤ ሮይ ሲቨርስም በ1957 42 ሆም ራን መትቶ ሊጉን መራ። ተመልካቹ ግን አልተመለሰም። በ1960 የሕዝብ ቆጠራ ከዋሽንግተን ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቁር ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ካልቪን ቡድኑን ወደ ሚኒሶታ እንደሚወስድ አስታወቀ። ዛሬ ሚኒሶታ ትዊንስ የሚባለው እርሱ ነው። ለምን እዚያ እንደመረጠ በ1978 በሚኒሶታ ዋሲካ ከተማ በአንድ ስብሰባ ላይ ራሱ ተናገረ፦ በዚያ የሚኖሩት ጥቁሮች 15 ሺህ ብቻ መሆናቸውን ስላወቀ ነበር። ንግግሩ በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ሰፈሩን የሚወድ ሰው «መኪና ማቆሚያ ስላልነበረ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ እንዳይረካ የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሊጉ በምትኩ ለዋሽንግተን ያንኑ ስም የያዘ አዲስ ቡድን ሰጠ፤ እርሱም በግሪፊዝ ስታዲየም የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው መስከረም 21 ቀን 1961 ነበር። ተጋጣሚው፣ ከዚያው ሜዳ የሄደው የቀድሞው ቡድን ትዊንስ፣ 6 ለ 3 አሸነፈ፤ የተመልካቹ ቁጥር 1,498 ነበር። ባዶውን ሕንጻ በ1965 አፈረሱት። ከመቀመጫዎቹ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ወደነበረው የቤዝቦል ሜዳ ቲንከር ፊልድ ተወስደው አገልግለዋል። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አሮጌውን የፍሪድመንስ ሆስፒታል ተክቶ በዚህ መሬት ላይ በ1975 ተከፈተ።

በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ፣ በሆስፒታሉ ውስጥ መቺው ይቆምበት የነበረው ቦታ በወለሉ ላይ ምልክት ተደርጎበታል፤ ጥበቃዎቹን ቢጠይቁ ያሳዩዎታል። ከዚያ ወጥተው ፊፍዝ ስትሪትን ሲሻገሩ ኦክዴል ፕሌስ የምትባል አጭር መንገድ አለች። ሚያዝያ 17 ቀን 1953 የኒውዮርክ ያንኪስ ሚኪ ማንትል ከቸክ ስቶብስ የተወረወረችለትን ኳስ መትቶ፣ ኳሷ በግራ ትሪቡኑ አናት ላይ የነበረውን የቢራ ማስታወቂያ ገርፋ ያረፈችው እዚያ ነው። የያንኪስ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሮጦ ሄዶ አንድ ልጅ ኳሷን አገኘሁበት ያለውን ቦታ በእግሩ ለካና 565 ጫማ፣ ወደ 172 ሜትር ነው አለ። ኳሷ ካረፈች በኋላ ተንከባልላ ስለሚሆን ቁጥሩን ብዙዎች ይጠራጠሩታል፤ እኔም ከሚጠራጠሩት ነኝ። ከሆስፒታሉ ወለል ተነስተው እስከዚያች መንገድ ሲራመዱ ግን ርቀቱ ትንሽ እንዳልነበር በእግርዎ ያውቁታል።

ሲሄዱ ግን ጎረቤትዎን ይዘዋቸው ይሂዱ። ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ፦ ሴነተርስ በሚጫወትበት ቀን የት ጋ ይቀመጡ እንደነበር፣ ግሬይስ በሚጫወትበት ቀን ደግሞ የት እንደሆነ። የነገሩዎትንም በስልክዎ ቢቀዱት ወይም በጽሑፍ ቢያስቀምጡት መልካም ነው፤ ያንን ትሪቡን ከውስጥ ሆነው ያዩ ሰዎች ቁጥራቸው በየዓመቱ እያነሰ ነው።